«ፋራ» ላለመባል፦ የወጣቶች ፊልምና የምዕራብ ሸዋ ተማሪ ልጃገረዶች

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን በየተራ ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች መናኸሪያው አካባቢ፣ ወይም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ሞባይል የሚጠግንና ሚሞሪ የሚጭን ልጅ አይጠፋም። ደንበኛው ሚሞሪውን ይሰጠዋል፤ እሱም ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ዘፈን፣ ተከታታይ ድራማ፣ በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም፣ የአሜሪካ ፊልም እንደ ፍላጎቱ ይሞላለታል። ትልቅ ሲኒማ ቤት ባይኖርም ፊልም በኪስ ውስጥ ገብቶ እስከ ገጠር ቀበሌ ይዘልቃል።

ተመልካቹ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ቪዲዮ ቤቱ፣ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት የወንዶች ነው። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈውን የዕለቱን ዝርዝር አንብበው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ሴት ተማሪ እዚያ ስትገባ ከታየች ወሬው ቀድሟት ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ልጃገረዶች ፊልም የሚያዩት ከቤተሰብ ጋር በቴሌቪዥን፣ አለዚያም ለብቻቸው ወይም ከአንድ ሁለት ጓደኛ ጋር በስልክ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ወንዶቹ ፊልሙን በጩኸት እየተቹ፣ ያልጣማቸውን እያሾፉበት ያዩታል። ልጃገረዷ ግን የምታየውን የሚሞግትላት ሰው በሌለበት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና፣ ድምፁን ቀንሳ ትመለከተዋለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ ሁሉ ፊልም ለአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ራሷ ምን ይነግራታል? ከአካባቢዋ ከሚደርስባት ጫና ጋርስ እንዴት ይገጥማል?

መልሱን ለማግኘት ከፊልሙ በፊት ከምትኖርበት ክፍል መነሳት ይሻላል። በምዕራብ ሸዋ ገጠር አንደኛ ደረጃን የጨረሰች ልጅ ለመቀጠል ብዙውን ጊዜ ወደ ከተማ መውጣት አለባት። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት መልስ ወደ ቤተሰብ በእግር ይሄዳሉ፤ እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ፦ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ደህና ጊዜ ከሆነ እናት የለወሰችው ጭኮ። ልጅቷ ከተማ ስትገባ ጸጉሯ ቅቤ ተቀብቷል፤ ጫማዋ ኮንጎ ነው፤ ዩኒፎርሟ «ታድግበታለች» ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ተሰፍቷል። ከተማ ያደጉት ልጆች በአንድ ቃል ይመድቧታል፤ ፋራ። ቃሉ አጭር ነው፤ የሚያስከትለው ግን ብዙ ነው። በክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት መተው፣ በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቅረት፣ ለደብተር ከተሰጠው ብር ቆርሶ ጸጉር ቤት መሄድ፣ ሰፊውን ቀሚስ ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ማስጠበብ ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

ሁለተኛው ጫና የሚጠብቃት ደግሞ ዓርብ ማታ ነው። ከተማ ላይ ከፋራነት ያወጣት ጸጉር ቀዬዋ ስትደርስ «ከተማ አበላሻት» ያሰኛል። በመንገድ ላይ ሻሽ ታስራለች፤ ቀሚሷን በነጠላ ትሸፍናለች። በአምስት ቀን ዘመናዊ፣ በሁለት ቀን ጨዋ መሆን ይጠበቅባታል። ወንድሟ በአንድ ሱሪ ሁለቱንም ቦታ ይኖራል።

ይህን ጫና ፊልም አልፈጠረውም። የምዕራብ ሸዋ አያቶችም በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው ላለማነስ ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ከዚያም የከፋው፣ ያልተገረዘች ልጅ ስትሰደብና ባል አታገኝም ስትባል ኖራለች። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ደግሞ 47 በመቶው። በዚያው ዳሰሳ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተዋል። «እንደ ሰው ሁኚ» የሚለው ትእዛዝ በዚህች አገር የልጃገረድን ሥጋ ሲቆርጥ፣ ከትምህርት ገበታ ሲያነሳት የኖረ ነው። ስለ ፊልም ተጽዕኖ የሚጽፍ ሰው ይህን ከዘለለ ግማሹን ጉዳይ ዘለለ።

ፊልሙ የሚያመጣው አዲስ ነገር የጫናውን መልክ ነው። የአሜሪካ የወጣቶች ፊልም የቆየ ቀመር አለው፤ ገለልተኛዋ ልጅ ትለወጣለች፣ ከዚያ ትወደዳለች። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «ግሪስ» ጭምቷ ሳንዲ በመጨረሻ ጠባብ ጥቁር ሱሪ ለብሳ ብቅ ስትል ነው ሁሉም የሚያጨበጭብላት። በ1985ቱ «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ዝምተኛዋ አሊሰን ጥቁር ኩሏ ተጠርጎ፣ ጸጉሯ ወደ ኋላ ተይዞ ሲታይ ነው ወንዱ ልብ የሚላት። በ1999 ደግሞ «ሺዝ ኦል ዛት» ላይ ሠዓሊዋ ሌኒ መነጽሯን አውልቃ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ደረጃ ትወርዳለች። ሥዕሏ ግን በዚያች ቅጽበት ለማንም ትዝ አይለውም። ኮሪያውያንም በ2009ኙ ተከታታይ ድራማቸው «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» የልብስ አጣቢ ልጅን የሀብታሞች ትምህርት ቤት አስገብተው ተመሳሳዩን ፈተና አስፈትነዋታል።

ከሁሉ ይልቅ መታየት ያለበት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሚን ገርልስ» ነው። ቲና ፌይ የጻፈችው ሮዛሊንድ ዋይዝማን በ2002 ካሳተመችው ስለ ልጃገረዶች ቡድን የሚናገር መጽሐፍ ተነስታ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ኬዲ በአፍሪካ ከእንስሳት ተመራማሪ ወላጆቿ ጋር አድጋ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ሳታውቅ፣ በ16 ዓመቷ አሜሪካ ውስጥ ክፍል ትገባለች። የምግብ አዳራሹ በቡድን በቡድን የተከፋፈለ ነው፤ የት እንደምትቀመጥ አታውቅም። የተቀበሏት ቆነጃጅት ሕግ አላቸው፦ ረቡዕ ሮዝ መልበስ፣ ጸጉርን በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ወደ ኋላ አለማሰር። አንድ ነገር ግን ከልብሱ ይበልጣል። ኬዲ በሒሳብ ጎበዝ ናት፤ የምትወደው ልጅ እንዲያስጠናት ብላ ፈተና ሆን ብላ ትሳሳታለች። ይህን ትዕይንት የአምቦም የጊንጪም መምህር ቢያየው ያውቀዋል፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ከወንዶቹ እኩል እጅ ስታወጣ የነበረች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ድምፅዋ ሲጠፋ ያየ ስንት መምህር አለ!

«ሚን ገርልስ» ይህን የሚያሳየው ለመተቸት ነው። ኬዲ በመጨረሻ የትምህርት ቤቱን የሒሳብ ቡድን ትቀላቀላለች፤ የቆነጃጅቱ ሕግም ይፈርሳል። ሆኖም ፊልም በቲክቶክ ተቆራርጦ ሲመጣ የሚተርፈው ሮዙ ልብስ ነው፤ የሒሳብ ውድድሩ ይቀራል። ፊልሙ የተሠራው ሮዙን ልብስ ለሚያውቁ ልጆች ስለሆነ፣ ትችቱን የሚረዳው ኑሮውን የሚያውቅ ብቻ ነው። አምቦ ላይ ሲደርስ ትችቱ እንደ ምኞት ይታያል።

የምስሉን ጉልበት የሚጠራጠር ሰው ካለ የፊጂን ታሪክ ያስታውስ። በዚህች የፓሲፊክ ደሴቶች አገር ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የመልካም ቤተሰብ ምልክት ነበር። ናድሮጋ በሚባለው አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የሐርቫርዷ ሐኪምና የባህል ተመራማሪ አን ቤከር በዚያው ዓመት፣ ከዚያም ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998፣ ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቀች። የአመጋገብ መታወክ ምልክት የታየባቸው ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ አደጉ። ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ ልጅ መጀመሪያ አንዲትም አልነበረችም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 11.3 በመቶ ሆኑ። በእያንዳንዱ ዙር የተጠየቁት ልጆች ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም በ2002 የወጣው ይህ ጥናት የሚያሳየው ፍጥነት ያስደነግጣል። ልጆቹ ለተመራማሪዋ የተናገሩትም ከቁጥሩ አያንስም፤ በቴሌቪዥን እንደሚታዩት ሴቶች ቢሆኑ ሥራ የሚያገኙ፣ ከመንደር የሚወጡ መስሏቸው ነበር። ምኞታቸው ኑሮን ስለ መለወጥ ነበር፤ መንገዱ ግን በአካላቸው በኩል ብቻ የሚያልፍ መሰላቸው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ቃና ቴሌቪዥን መጋቢት 2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያቀርብ፣ «ጥቁር ፍቅር» በአንድ ጊዜ የየቤቱ ወሬ ሆነ። የአገር ውስጥ ፊልም ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ ባህል ይበላሻል፣ ሥራችንን ይቀማናል አሉ። በክርክሩ ውስጥ ግን ልጃገረዶቹ ራሳቸው የሉበትም። የኢስታንቡሏ ቆንጆ በአዲስ አበባ አማርኛ ስትናገር፣ በአፋን ኦሮሞ አፏን ለፈታች የጉደር ወይም የጀልዱ ልጅ ርቀቱ እጥፍ ነው፤ መልኩም ቋንቋውም የሌላ ነው። ከዚያ በኋላ «ባህልሽን ጠብቂ» ብሎ እሷን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የኢትዮጵያ ፊልምስ ምን ሰጣት? ታሪኩ የሚጀምረው በልጃገረድ ነው። የመጀመሪያው የአገራችን ሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ፊልም ተብሎ የሚታወቀው፣ በ1957 ዓ.ም. የታየው የኢላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ በዓለም መድረክ ከፍ ብሎ የታየው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሓሪ «ድፍረት» ዋና ባለታሪክም ሂሩት ትባላለች። ይህችኛዋ 14 ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ትጠለፋለች፤ የጠለፋትን ሰው በራሱ ጠመንጃ ትገድላለች፤ የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ ትሟገትላታለች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1996 በተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ከታሪኩ ባለቤትነት ጋር በተያያዘ ክርክር በፍርድ ቤት ዕግድ ተቋረጠ፤ በኋላ ለዕይታ በቃ።

«ድፍረት» ያነሳው ጉዳይ ሕግ የለወጠ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ በር ከፍቶለት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገው፤ ከ1997 ግንቦት ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያን በር ዘጋው። ጠለፋ በምዕራብ ሸዋም የቆየ ችግር በመሆኑ ፊልሙ እዚህ ቢታይ የሩቅ ወሬ አይሆንም።

ይሁንና አንድ የቀረ ነገር አለ። ያሬድ ዘለቀ በ2007 ዓ.ም. ካን የፊልም ፌስቲቫል ያደረሰው «ላምብ» ላይ ጋዜጣ የምታነበው፣ ለጋብቻ የማትቸኩለው ጽዮን በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የነቃች ናት፤ ዋናው ባለታሪክ ግን ወንዱ ልጅ ኤፍሬምና በጉ ናቸው። በብዙው የአገር ውስጥ ፊልም ልጃገረድ ወይ ተጠልፋ ትታያለች፣ ወይ ተታላ ትወድቃለች፣ ወይ በመጨረሻው ትዕይንት ትሞሸራለች። በእነዚህ መካከል ያለው ኑሮ፣ ማለትም ማንም ሳይጠልፋትና ማንም ሳያገባት ዘጠነኛ ክፍልን ለመጨረስ የምትታገልበት የየዕለት ኑሮ፣ ካሜራ አላገኘም። ሚሊዮኖቹ የሚኖሩት ግን እዚያ ነው።

ሙከራዎች ነበሩ። «የኛ» የተባለው ፕሮግራም በ2005 ዓ.ም. በአማርኛ የሬዲዮ ድራማና በአምስት ልጃገረዶች የሙዚቃ ቡድን ተጀመረ፤ የልጃገረዶችን ጓደኝነት በማዕከል አስቀመጠ። በ2009 የብሪታንያ መንግሥት በአገሩ ጋዜጦች ዘመቻ የተነሳ ድጋፉን አነሳ። የአይዳ አሸናፊ «ጉዞ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ሁለት የአዲስ አበባ ወጣቶችን ገጠር አስገብቶ ነገሩን ገለበጠው፤ የከተማዋ ልጅ እዚያ ሥራ የማትችል እንግዳ ሆና ተገኘች። ፋራነት እንደ ቦታው የሚቀያየር መሆኑን ከዚህ የተሻለ ያሳየ የአገራችን ፊልም ማግኘት ይከብዳል።

ለምዕራብ ሸዋ ልጅ ከሁሉ የሚቀርባት ግን ጄሪ ሮትዌል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «ታውን ኦፍ ረነርስ» ነው። በቆጂ የአርሲ ናት፤ ነገር ግን አየሩ፣ ቋንቋው፣ ገብሱ፣ ጭቃው መንገድ ሁሉ የጀልዱንና የጌዶን ይመስላል። ፊልሙ ሀዊና አለሚ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞችን በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ ለዓመታት ይከተላቸዋል። ደራርቱ ቱሉን፣ ጥሩነሽ ዲባባንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራው ይህ ሰው ነው። ልጃገረዶቹ ይፎካከራሉ፣ ይለያያሉ፣ የተመለመሉበት ክለብ ቃሉን ሳይጠብቅ ሲቀር ያዝናሉ። ማንም ልብሳቸውን ቀይሮ ቆንጆ አያደርጋቸውም። ጫና አለባቸው፤ ጫናው ግን ከፈለጉት ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

እንዲህ ያለው ፊልም ከማስደሰት አልፎ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ማስረጃው ኦሮሚያ ውስጥ አለ። ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ፣ ከድህነት በራሳቸው ጥረት ስለወጡ የገጠር ሰዎች የተሠሩ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን ለገበሬዎች አሳዩ። ሌሎች ተራ የቴሌቪዥን መዝናኛ አዩ፤ ሌሎች ምንም አላዩም። ከስድስት ወር በኋላ ሲመለሱ ዘጋቢዎቹን ያዩት ቤተሰቦች ምኞታቸው ከፍ ብሎ፣ ለቁጠባና ለልጆቻቸው ትምህርት ያዋሉት ገንዘብ ጨምሮ ተገኘ። አንድ ሰዓት የሚሆን ዕይታ ነው። ምስጢሩ ባለታሪኮቹ ተመልካቹን መምሰላቸው ነበር።

ከዚያም በፊት በ1994 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት»ን በአማርኛ፣ «ዲምቢባ»ን በአፋን ኦሮሞ ተከታታይ ድራማ አድርጎ አሰራጭቷል። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት የሚናገሩ ነበሩ። እናቶችና ልጆች አብረው ያዳምጡ ነበር። ያ አብሮ ማዳመጥ ወደ ስልክ ሲቀየር ትልቅ ነገር ጠፋ፤ ልጅቷ ያየችውን እናቷ አታውቀውም፣ እናቷ የምታውቀውን ልጅቷ አልሰማችም።

ታሪክ ማጣት የምዕራብ ሸዋ ችግር አይደለም። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ አቅራቢያ ከቦዳ፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከአምቦ ወጥተዋል። የኦሮሞ ሴት በጋብቻዋ ቀን ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ መብቷ ሲጣስ ሴቶችን ሁሉ አስነስቶ ደጃፍ የሚያቆም በትር ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን አትቀርም ማለት ነው። ሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ፣ ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ለተቃውሞ አደባባይ ሲወጡ ልጃገረዶቹ ቀሬዎችም ከወንዶቹ ቄሮዎች ጋር ነበሩ። ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1976 ከተነሳው የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅ «ሳራፊና!»ን ሠርተዋል፤ ታዋቂ መሆን የምትመኝ ተራ የትምህርት ቤት ልጅ የታሪኩ ባለቤት ናት። እዚህ ያንን የሚያህል ታሪክ አለ፤ ልጃገረዷን ከፊት ያስቀመጠ ፊልም ግን ገና ይጠበቃል።

«ስልኳን ንጠቁ፣ ፊልሙን ከልክሉ» የሚሉ ወላጆችና ሽማግሌዎች ከቅን ልብ ነው የሚናገሩት። መፍትሔው ግን አይደለም። ስልክ የተነጠቀች ልጅ ከጓደኛዋ ስልክ ታያለች፤ ያየችውንም ከቤተሰብ ደብቃ ትይዛለች። ከመከልከል ይልቅ አብሮ ተቀምጦ ማየትና «ለምን መሰለሽ ፈተናውን የተሳሳተችው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ቀሪው ሥራ የፊልም ሠሪዎች፣ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ፣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲና የየትምህርት ቤቱ ነው። የዶባው ፊልም አጭር ነበር፤ ትልቅ ስቱዲዮ የሚጠይቅም አይደለም። በየሁለተኛ ደረጃው ሚኒ ሚዲያና የሴቶች ክበብ አለ፤ ደህና ካሜራ ያለው ስልክም በየመምህሩ ኪስ ይገኛል። መምህራን ሆይ፣ በዚህ ዓመት ያን ስልክ ለዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች ስጧቸው፤ ኪራይ ክፍላቸውን፣ የዓርብ መንገዳቸውንና የሒሳብ ደብተራቸውን በአፋቸው ቋንቋ ይቅረጹት፤ የተቀረጸውንም እናቶቻቸው በተጠሩበት አዳራሽ አሳዩ።